ለማያውቁት ሰው የተሰጠ አደራ፦ ያልተማከለ የፋይል ማከማቻና የበጎ ፈቃደኞች ሙከራ

ያልተማከለ የፋይል ማከማቻ አውታረ መረብ የአንድን ኩባንያ ሰርቨር ሳይጠብቅ በየቤቱ ባሉ ኮምፒውተሮች ትርፍ የዲስክ ቦታ ላይ የሰዎችን ፋይል የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው። ፋይሉ ተቆራርጦና ተመስጥሮ ይበተናል፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ቁራጮቹ ከያሉበት ተጠርተው ይገጣጠማሉ። ቁራጩን የያዘው ሰው የማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ አያውቅም፤ ባለ ፋይሉም ንብረቱ በማን ቤት እንዳደረ አያውቅም። አደራ ሲባል በመተዋወቅና በመተማመን ላይ የቆመ ነገር ነው። እዚህ ግን ሰጪና ተቀባይ ተያይተው አያውቁም፤ የመተማመንን ቦታ የሚይዘው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ልክ መሆኑን ባለሙያዎች ሊመረምሩት ይችላሉ። በእውነተኛ ቤቶችና በእውነተኛ የኢንተርኔት መስመሮች ላይ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳዩት ግን ማሽናቸውንና ጊዜያቸውን ለሙከራ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የእነዚህ ሙከራዎች ዜና ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይነገራል፤ ይህን ያህል ኮምፒውተር ገባ፣ ይህን ያህል ቴራባይት ተከማቸ ይባላል። ቁጥሩ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማሽኖቹን ያስገቡት እነማን ናቸው? ያስገቧቸው በምን ምክንያት ነው? የሚያስወጧቸውስ መቼ ነው? የሙከራው ውጤት ትርጉም የሚያገኘው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

መነሻው

ሐሳቡ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ኢየን ክላርክ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1999 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማእከል የሌለው የመረጃ ማከማቻ ንድፍ አቀረበ። በዓመቱ ፍሪኔት የተባለው ሶፍትዌር ወጣ። ፍሪኔት የተነደፈው ሐሳብን ያለ ሳንሱር ለመግለጽ ስለነበር ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጽሑፍ ይቆያል፤ ጠያቂ ያጣው በሌላ ይተካል። ለነጻ ንግግር ይህ ይበቃል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የውል ሰነድ ለማስቀመጥ ግን አይበቃም፤ ማንም ለዐሥር ዓመት ያልጠየቀው ሰነድ አንድ ቀን በእጅጉ ሊፈለግ ይችላልና።

በዚያው ዘመን ናፕስተር የተባለው የዘፈን መለዋወጫ አገልግሎት ሌላ ትምህርት ሰጠ። ዘፈኖቹ የሚገኙት በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ነበር፤ የትኛው ዘፈን በማን ዘንድ እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ ግን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። በ2001 በፍርድ ቤት ክርክር ማውጫው ሲዘጋ አገልግሎቱ ሁሉ ቆመ። ስለዚህ ዕቃውን መበተን አልበቃም፤ ማውጫውም መበተን ነበረበት። በ2002 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፔታር ማይሙንኮቭና ዴቪድ ማዚየርስ ያቀረቡት ካደምሊያ የተባለው ስልት ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን መልስ ሰጠ።

የካደምሊያ ብልሃት ለኮምፒውተሩም ለፋይሉ ቁራጭም አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠቱ ነው። ቁጥሮቹ በ0ና በ1 ይጻፋሉ፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በየቦታቸው ያሉትን አኃዞች በማነጻጸር ነው። ሲመሳሰሉ 0፣ ሲለያዩ 1 ይጻፋል። የቁራጩ ቁጥር 1011 ይሁን። ቁጥሩ 1001 የሆነው ኮምፒውተር ሲነጻጸር 0010፣ ማለትም 2 ርቀት ላይ ይገኛል። 1110 የሆነው 0101፣ ማለትም 5 ርቀት ላይ፤ 0011 የሆነው ደግሞ 1000፣ ማለትም 8 ርቀት ላይ ነው። ቁራጩን የመያዝ ግዴታ የሚወድቀው በቅርቦቹ ላይ ነው። ፈላጊውም ያገኘውን ኮምፒውተር «ለዚህ ቁጥር ካንተ የሚቀርብ ማን አለ?» እያለ በጥቂት ርምጃ ይደርሳል። በጎረቤትነት የተቆጠሩት ማሽኖች አንዱ በስኮትላንድ፣ ሌላው በአውስትራሊያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅርበቱ የቁጥር እንጂ የመሬት አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ ሁለት አጋጣሚዎች ያስረዳሉ። በየካቲት 28 ቀን 2017 በአማዞን የማከማቻ አገልግሎት ላይ አንድ ሠራተኛ በትእዛዝ አጻጻፍ ስሕተት ከታሰበው በላይ ሰርቨሮች በማውረዱ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። በመጋቢት 10 ቀን 2021 ደግሞ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማእከል ሕንጻ በእሳት ወደመ፤ ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸውን አጡ። የማእከላዊ ማከማቻ ጥንካሬ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው፤ ድክመቱም ይኸው ነው።

ከትሩን እስከ ኦቶኖሚ

የበጎ ፈቃደኞች ሙከራ ምን እንደሚጠይቅ የሜድሴፍ ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ኩባንያውን በ2006 በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ በትሩን የመሠረተው ዴቪድ ኧርቪን የተባለ መሐንዲስ ነው። ዓላማው ሰርቨርም አስተዳዳሪም የሌለው፣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ፋይል የሚያስቀምጥበት አውታረ መረብ ነበር። በሚያዝያ 2014 ኩባንያው ቶከን፣ ማለትም የአውታረ መረቡን ዲጂታል ገንዘብ፣ ለሕዝብ ሸጦ ገንዘብ አሰባሰበ። በ2015 በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ ትቶ በረስት ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ። በ2016 ፈቃደኞች በቤታቸው ማሽን የሚሳተፉባቸው ተከታታይ ሙከራዎች ተካሄዱ፤ በየሙከራው ማብቂያ አውታረ መረቡ ይፈርሳል፣ የተገኘው ስሕተት ይታረማል፣ እንደገና ይጀመራል።

በ2016ና በ2017 የወጡት ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ እትሞች ግን የሠሩት ኩባንያው ራሱ ባቆማቸው ሰርቨሮች ላይ ነበር። ፈቃደኛው ፋይል መጫንና ማውረድ ይችላል፤ የማከማቸቱን ሥራ ግን አልያዘም። ይህ ብዙ ይናገራል። ሶፍትዌሩ በተስተካከሉና ሁልጊዜ በሚበሩ ማሽኖች ላይ ደኅና ነበር፤ ፈተናው የመጣው ሥራው ወደ ቤት ሲወርድ ነው። ፕሮጀክቱ ስሙን ወደ ኦቶኖሚ ቀይሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን አውታረ መረብ ያስጀመረው በየካቲት 2025 ሲሆን፣ ከተመሠረተ 19 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

ፋይሉ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቢያንስ በሦስት ቁራጭ ይከፈላል። የእያንዳንዱ ቁራጭ ዲጂታል አሻራ ይሰላል፤ አሻራ የሚባለው ከይዘቱ በስሌት የሚወጣ፣ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ ቁጥር ነው። አንዱ ቁራጭ የሚቆለፈው ከአጎራባቾቹ አሻራ በወጣ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ ራሱን በራሱ ይመሰጥራል። የተቆለፈው ቁራጭ አሻራ ደግሞ አድራሻው ይሆናል። ይህ አደረጃጀት የአደራ ተቀባዩን ታማኝነት መጠየቅን ያስቀራል። ቁራጩን የመለሰው ሰው አንድ ፊደል ቢለውጥ እንኳ አሻራው ከአድራሻው ጋር አይገጥምም፤ ተቀባዩ ወዲያውኑ ጥሎ ከሌላ ይጠይቃል።

የሞካሪው ሥራ

ሞካሪው ፕሮግራሙን ያወርዳል፤ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ለኖዱ፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ለሚሠራው የአውታረ መረቡ ክፍል፣ የሚሰጠውን የዲስክ ቦታ ይወስናል። ከዚያ አንድ የሙከራ ፋይል ይመርጣል። ከመጫኑ በፊት በኤስኤችኤ-256 ስልት አሻራውን አስልቶ በማስታወሻው ይይዛል፤ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው ረጅም መስመር ነው። ፋይሉ ሲጫን አውታረ መረቡ አድራሻ ይሰጠዋል። ሞካሪው ዋናውን ፋይል ከዲስኩ አንሥቶ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ያድራል። በማግስቱ በአድራሻው አውርዶ አሻራውን እንደገና ያሰላል፤ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ያስተያያል። አንድ ፊደል ከተለየ አደራው ተበልቷል። ልክ ከሆነም ሥራው አላለቀም፤ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ግማሾቹ ማሽኖች ከወጡ በኋላ ይደግመዋል።

ሁለተኛው ሥራ የክስተት መዝገብ ማንበብ ነው። ኖዱ በየሰከንዱ ማንን እንዳነጋገረ፣ ማን እንደዘጋበት፣ የትኛው ቁራጭ እንደጠፋበት ይጽፋል። አዘጋጆቹን ከአንድ ቤት የሚመጣ መዝገብ ብዙ አይጠቅማቸውም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በተለያዩ አገሮች የታየ ተመሳሳይ ስሕተት ግን የኮዱን ጉድለት እስከ መስመሩ ድረስ ያሳያል። በቤተ ሙከራ ለአንድ ሰዓት የተሠራ ፍተሻ የማያወጣው፣ ለቀናት በበራ ማሽን ላይ ብቻ ቀስ እያለ የማሽኑን ሜሞሪ የሚበላ ስሕተት የሚያዘውም በዚህ መንገድ ነው።

የቤት ማሽን ጸባይ

የቤት ኮምፒውተር ይጠፋል፣ ይተኛል፣ ይሸጣል። አንድ የቤት ማሽን ከ10 ሰዓት 9ኙን በርቶ ይገኛል እንበል፤ አንድ ቁራጭም በሦስት ማሽኖች ይቀመጥ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የመጥፋታቸው ዕድል ከ1,000 አንድ ነው። ለአንድ ቁራጭ ይህ በቂ ይመስላል። አንድ ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ በ1,000 ቁራጭ ቢከፈል ግን ሁሉም ቁራጮች በአንድ ጊዜ የመገኘታቸው ዕድል ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። በሙከራ ላይ አጫጭር ሰነዶች በደኅና ሲመለሱ ትልልቅ ፋይሎች ደጋግመው የሚከሽፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞካሪዎች ትንሽ ፋይል ብቻ ቢጭኑ ኖሮ ችግሩ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ቅጂው ወደ ስምንት ከፍ ቢል የሙሉው ቪዲዮ ዕድል ወደ 99.999 በመቶ ይደርሳል፤ ዋጋው ደግሞ ስምንት እጥፍ ዲስክ ነው።

ከዚህ ወጪ የሚያድነው በ1960 ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን ያወጡት የሒሳብ ስልት ነው። ስቶርጅ የተባለው ኩባንያ በ2020 ለሥራ ያበቃው አውታረ መረብ በዚሁ ስልት 64 ሜጋባይት የሚሆነውን የፋይል ክፍል ወደ 80 ቁራጭ የመለወጥ ንድፍ ነበረው፤ ከ80ው የትኞቹም 29 ቢገኙ ክፍሉ ይመለሳል። የሚፈጀው ቦታ ከዋናው 2.8 እጥፍ ያህል ነው። ሦስት ሙሉ ቅጂ ማስቀመጥ ከዚህ ይበልጥ ይፈጃል፤ የሚችለው ግን የሁለት ማሽን መጥፋትን ብቻ ነው። ይኸኛው የ51 ማሽን መጥፋትን ይችላል።

ሁለቱም ስሌቶች አንድ ነገር ይዘው ይነሣሉ፤ ማሽኖቹ የሚጠፉት እየብቻቸው ነው ብለው ያስባሉ። በእውነተኛው ዓለም ብዙ ማሽን በአንድ መብራት፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ የሰርቨር አከራይ ላይ ይንጠለጠላል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ስቶርጅ የአንድ ፋይል ቁራጮችን ሲያከፋፍል የአይፒ አድራሻቸው እጅግ የተቀራረበ ማሽኖችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ኖዶቹን ሁሉ ከአንድ ኩባንያ በተከራየው ሰርቨር ላይ የሚያስነሣ ሰው ቁጥሩን ያበዛል እንጂ ጥንካሬውን አይጨምርም። ሙከራውንም ያሳስታል፤ ውጤቱ ከቤቶች የመጣ መስሎ ከአንድ ሕንጻ ይመጣልና።

ሌላው የቤት ጉዳይ ራውተሩ ነው። የቤት ራውተር ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚወጣ ጥያቄ መንገድ ይከፍታል፤ ከውጭ ሳይጠሩት የሚመጣውን ግን ይዘጋል። አደራ ጠባቂ ደግሞ በሩን ማንኳኳት የሚቻል መሆን አለበት። ከዚህም በላይ አንድ ኖድ ከመቶዎች ጋር በአንድ ጊዜ ስለሚገናኝ ርካሽ ራውተር የግንኙነት መዝገቡ ይሞላበትና የቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል። ፈቃደኛው ቪዲዮ የሚያይ የቤተሰብ አባል ሲያጉረመርም ኖዱን ያጠፋል፤ ይህም ራሱ የሙከራው ውጤት ነው።

ኢንተርኔት በአመዛኙ በሞባይል በሚገኝባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ችግሩ ይብሳል። የአይፒ አድራሻ እጥረት ስላለ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ፤ ዳታውም በመጠን ይከፈልበታል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ያለ ሰው ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የሌላውን መያዝ ግን ይከብደዋል። መፍትሔው በሌላ ኖድ በኩል መልእክት ማስተላለፍ ነው፤ የሚያስተላልፈው ደግሞ የመስመሩን ወጪ ይሸከማል። ስለዚህ በስም ዓለም አቀፍ የሆነ አውታረ መረብ በተግባር ጥሩ መስመር ባላቸው ጥቂት አገሮች ላይ ሊከማች ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ከየአገሩ የሚመጣ ሞካሪ ነው።

ብዙ ሰው የሚመስል አንድ ሰው

ቅርበት በቁጥር ከተለካ፣ ቁጥሩን አብዝቶ የያዘ ሰው የሚፈልገውን ቁራጭ ከየአቅጣጫው ሊከብ ይችላል። በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል የነበረው ጆን ዱሴር በ2002 ይህን ጥቃት መርምሮ፣ ማንነትን የሚያረጋግጥ ማእከላዊ አካል በሌለበት አንድ ሰው ብዙ መስሎ እንዳይቀርብ ሙሉ በሙሉ መከልከል በተግባር እንደማይቻል አሳየ። የቀረው መንገድ እያንዳንዱን ማንነት ዋጋ ማስከፈል ነው።

ዋጋው በተለያየ መልክ ይጠየቃል። በሜድሴፍ ሙከራዎች አዲስ ኖድ ከመግባቱ በፊት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተወሰነ ስሌት ሠርቶ መረጃ እንዲልክ ይገደድ ነበር፤ ይህም የመስመሩን አቅም ይፈትናል። ጥበቃው ግን ዋጋ አለው፤ ደካማ መስመር ያላቸው ቅን ፈቃደኞችም በር ላይ ይቀራሉ። ስቶርጅ ጊዜንና ገንዘብን መረጠ። አዲስ ኖድ እስኪመረመር ድረስ ጥቂት መረጃ ብቻ ይሰጠዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገቢው 75 በመቶው በመያዣነት ይቀመጣል፤ በተከታዮቹ ወራት መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ባልታሰበ ሰዓት «ከያዝከው ቁራጭ ይህችን ክፍል አሳይ» የሚል ጥያቄም ይቀርብለታል፤ ዕቃውን የጣለ ሰው መያዣውን አጥቶ ይሰናበታል። ምርመራውን የሚያካሂዱት ግን በኩባንያው የሚተዳደሩ አስተባባሪ ሰርቨሮች ናቸው። ስለዚህ ስቶርጅ ማከማቸቱን በትኗል፤ አመራሩን ሙሉ በሙሉ አልበተነም።

ሽልማት ሲመጣ

ከነሐሴ 24 ቀን 2020 ጀምሮ ፋይልኮይን የተባለው አውታረ መረብ ሦስት ሳምንት የፈጀ የሙከራ ውድድር አካሄደ። ብዙ ማከማቻ ላቀረቡ ተሳታፊዎች የሚከፋፈል እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርስ የራሱ ገንዘብ በሽልማት ቀረበ። ከ200 ፔታባይት በላይ አቅም ተመዘገበ፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ተሰብስቦ የማይታወቅ መጠን ነው። ሶፍትዌሩም በከባድ ጭነት ተፈተነ፤ በጥቅምት 2020 አውታረ መረቡ ሥራ ጀመረ።

ይሁን እንጂ የተፈተነው የቤት ኮምፒውተር አልነበረም። ፋይልኮይን መረጃ መያዝን የሚያረጋግጥበት ስልት ከባድ ስሌት ስለሚጠይቅ ተሳታፊው 128 ጊጋባይት ሜሞሪና ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ያስፈልገዋል። የገቡት በአመዛኙ ለዚሁ ገንዘብ ያፈሰሱ ነጋዴዎች ነበሩ። የተመዘገበው ቦታም በብዛት የተሞላው ሰው በሚፈልገው ፋይል ሳይሆን አቅምን ለማሳየት በተፈጠረ መረጃ ነበር። ሙከራው ለጠየቀው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሰጥቷል፤ ጥያቄው «ማን ብዙ ያቀርባል?» የሚል ነበርና።

ሽልማት የአደጋውንም ዓይነት ይለውጣል። በፍላጎት የሚሳተፉ ሰዎች የሚወጡት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ነው፤ አንዱ ቤት ይቀይራል፣ የሌላው ዲስክ ይበላሻል። ስሌቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለገንዘብ የገቡት ግን አንድ የጋራ ማብሪያና ማጥፊያ አላቸው፤ እርሱም የቶከኑ ዋጋ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ብዙዎች በአንድ ሳምንት ይወጣሉ፤ 80ውን ቁራጭ በ80 አገር መበተን ይህን አይከላከልም። ጠንቃቃ አዘጋጅ ሽልማቱን አቋርጦ ማን እንደሚቀር የሚያይበት ሙከራም ያስፈልገዋል።

ለሞካሪው የሚገባው

ፈቃደኛው ዲስኩን፣ መብራቱንና መስመሩን ሲሰጥ በምላሹ ግልጽነት ይገባዋል። የሙከራ አውታረ መረብ እንደሚፈርስና የተጫነው ሁሉ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የምሥጠራው ኮድ ራሱ በሙከራ ላይ ስለሆነ የግል ሰነድ ማስቀመጥ የለበትም። የሰው ቁራጭ በዲስኩ ላይ መኖሩ የሚያስነሣው የሕግ ጥያቄም አለ። ኖዱ የያዘው የተመሰጠረ ቁራጭ ብቻ መሆኑ ለጠባቂው መከላከያ ይሆነዋል፤ ማየት የማይችለውን መርጦ ማስወገድም ግን አይችልም። በአውሮፓ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ለሰው መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ «አንዴ ከፍለህ ለዘላለም አስቀምጥ» ከሚለው የኦቶኖሚ ውጥን ጋር ይህ መብት ይጋጫል። የቁራጮቹን ዝርዝርና ቁልፍ የያዘውን ካርታ ማጥፋት ፋይሉን የማይነበብ ያደርገዋል፤ ይህ እንደ መሰረዝ ይቆጠር አይቆጠር ግን በኮድ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ጊዜ ብቻ የሚፈትነው

የቴክኒኩ መሥራት የአገልግሎቱን መቆየት አያረጋግጥም። በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ በኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ምርምር የተጀመረው ዉዋላ የተባለ አገልግሎት ከ2008 ጀምሮ ተጠቃሚዎች የዲስክ ቦታቸውን ሰጥተው በምትኩ የኢንተርኔት ማከማቻ እንዲያገኙ ያደርግ ነበር። ስልቱ ይሠራ ነበር። በ2011 ልውውጡ ቆመ፤ በ2015 አገልግሎቱ ራሱ ተዘጋ።

ሦስት ሳምንት የፈጀ ሙከራ ስለ ሦስት ሳምንት ይመሰክራል። ከዚያ በላይ የሚነገረው ተስፋ በስሌት የተደገፈ ግምት ነው፤ ግምቱን ወደ ማስረጃ የሚለውጠው የሞካሪው ማስታወሻ ነው። በዚያ ማስታወሻ ላይ የፋይሉ አድራሻ፣ የተጫነበት ቀንና 64 ፊደልና አኃዝ ያለው መስመር አለ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያ አድራሻ የሚወርደው ፋይል አሻራው ከመስመሩ ጋር ከገጠመ ማሽኖቹ ሁሉ ተለውጠው፣ ጠባቂዎቹ ሁሉ ተተክተው አደራው ደርሷል ማለት ነው።